የዘበኛው ድርሻ

ሐሙስ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት፣ አራብሳ፣ ብሎክ ሃያ ሁለት፣
ውሃ የማይወጣበት አራተኛው ፎቅ፣ የትብለጥ ቤት፣
ጫማችንን በር ላይ ጥለን፣ ምንጣፉ ላይ ተደራርበን፣
ነፋስ ዲሹን እንዳያዞረው አንድ ሰው በረንዳ ልከን፣
ድራማውን እናያለን።
(ተራው የእኔ ሲሆን፣ ዲሹን አቅፌ የምሰማው
ተኩሱን ብቻ ነው፤ ማን እንደወደቀ አላየው።)

እዚህ ዳር ላይ፣ ከተማው አልቆ የገብሱ ማሳ ሲጀምር፣
ከጀርባችን ጅብ ሲያሽካካ፣ ከፊታችን ሽጉጥ ሲናገር፣
አንድ ቀን መብራት ሄደ። መርማሪው በሩን ሊሰብር
እግሩን እንዳነሣ ቀረ።

ማንም አልተነሣም። ትብለጥ ሻማ ለኮሰችልን፤
«እስቲ» አለች፣ «ድራማው ውስጥ ብንገባ ማን ማንን እንሆናለን?»

ሐምዲያን፣ ቲማቲም ሻጯን፣ ኮስትሬ አደረግናት፤ መርማሪውን፤
አንድ ራስ ሽንኩርት ቢጎድላት፣ አጥብባ ሁለት ዓይኗን፣
ኦቾሎኒ እየፈለፈለች ዝም የምትል፣
ሌባው ራሱ እስኪለፈልፍ።

ጡረተኛው ሹፌር ገብረየስ ባለ ፋርማሲው ተባለ፤
«ገዳይ መሆኑስ ባልከፋ፣ መድኃኒት በነፃ ካለ።»

ትብለጥ ለራሷ መረጠች፦ ያችን፣ ቀብር ላይ አብዝታ
ያለቀሰችውን መበለት፤ ጥቁር ሻሿን ፈትታ
አሳየችን እንዴት እንደሚለቀስ፣ ዓይን ደርቆ፣ በዜማ፤
ሳቅን። የባሏ ሙት ዓመት ያለፈው ሳምንት ነበርና
ሳቁ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ፣ ከሻማው ጋር ተንገዳገደ፤
«ቀጥሉ» አለች፣ «ምን ሆናችሁ?» ጨዋታው እንደገና ሄደ።

ምንይችል፣ የሦስተኛው ፎቅ፣ ልጁን ጭኑ ላይ አስተኝቶ፣
«እኔ ማንም አይደለሁም» አለ፣ ፊቱን ከሻማው አሽሽቶ።
ማንም አልተጫነው።

እኔስ? በልቤ፣ ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ፣ ጠበቃው ነበርኩ፤
ያን «ክቡር ዳኛ» አባባሉን መስተዋት ፊት ስንቴ ሞከርኩ!
የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ ፋይል ነው የምቆልለው፤
ሲመሽ ግን ማን ይከለክለኛል፣ ሱፉን በሐሳብ ብለብሰው?

ልናገር አፌን ስከፍት ኢፍቱ ቀደመችኝ፤
አሥር ዓመቷ ነው፤ ጥግ ይዛ ጸጉሯን ስትጎነጉን
«አንተማ» አለች፣ «ዘበኛውን!»

የቱን ዘበኛ? ሰው ግራ ገባው። እሷ ብቻ አስታወሰች፦
«ሁለተኛው ክፍል ላይ ያለው! መኪናዋ በሌሊት ስታልፍ
ከፎጣው ሥር ዓይኑን የሚከፍት፣ ጆንያው ደም ሲያንጠባጥብ የሚያይ፤
ኮስትሬ ሲጠይቀው ‹ተኝቼ ነበር› ብሎ፣ ከዚያ ወዲያ የማይታይ።»

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ጨለማው ጉንጬን ሸፈነው።
ምንይችል የልጁን ጫማ ክር ፈታ፤ መልሶ አሰረው።

ጥር ላይ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ባልዲ ይዤ ደረጃ ስወርድ፣
የብሎኩ ዲናሞ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ በሰው ትከሻ ሲሄድ፣
አየሁ።
ትከሻውን አወቅሁት። አረማመዱንም። እሱም አየኝ።
ከዚያ በፊት ባለው ቅዳሜ ሱቅ በር ላይ ነበር ያገኘኝ፤
የሕፃን ወተት ቆርቆሮ አንሥቶ፣ ዋጋውን አንብቦ፣
መልሶ ሲያስቀምጥ፤ ቀስ ብሎ፣ እንቁላል እንደያዘ ሰው።

ጠዋት ፖሊስ በየበሩ መጣ። «ተኝቼ ነበር» አልኩ። ቃል በቃል።
ዲናሞ ሲጠፋ ከጥበቃው በቀር ማን ይጠየቃል?
ጋሽ ዳኜ ካፖርቱን አስረከበ። ዱላው የራሱ ነው፤
ኢፍቱ ሬዲዮኑን ይዛለት፣ እስከ አስፋልቱ ሸኘችው።

አሁን ከሻማው ማዶ ታየኛለች።
ታውቃለች? ወይስ ልጅ ናት፣ እንዲያው አፏ ላይ የመጣላትን አለች?

መብራት ሲመጣ ድራማው ብዙ ሄዷል፤ በሩ ተሰብሯል፤
ኮስትሬ ባዶ ክፍል መሐል ቆሞ መዳፉን ያያል፤
ማን እንዳመለጠ አመለጠን።

«ዲሹ!» አለ አንዱ። ተራው የእኔ ነው።
ወጣሁ። ታች የጥበቃው ቤት በር በሽቦ ታስሯል፤
ነፋሱ ከገብሱ ማሳ ተነሥቶ ፊቴን ይገርፋል።
ዲሹን አቀፍኩ።
«ትንሽ ወደ ግራ!» ይላሉ ከውስጥ፣ «ቆይ! ቆይ! ታየ!
በቃ፣ እንዳትንቀሳቀስ!»

አልተንቀሳቀስኩም።